ማሽኖቹን ክፈቱልን፤ የትስስር ቀኑንም በሥራ ቦታችን አድርጉት

ለክፍለ ከተማችን የኢንተርፕራይዝ ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የጋራ መገልገያ ክፍሉን መዘጋትና ወርኃዊውን «የትስስር ቀን» ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፣

በሼዳችን (በጋራ በምንሠራበት ሕንፃ) መግቢያ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብበነዋል። ማሽኖች ያሉበት የጋራ መገልገያ ክፍላችን ተዘግቶ የመሰብሰቢያ አዳራሽ እንደሚሆን፣ በአዳራሹም በየወሩ የመጨረሻው ዓርብ «የትስስር ቀን» (ኢንተርፕራይዞች እርስ በርስና ከገበያ ጋር እንዲገናኙ የታሰበ መድረክ) እንደሚካሄድ፣ እያንዳንዱ ኢንተርፕራይዝ ለመስተንግዶ 500 ብር እንደሚያዋጣ፣ ሦስት ጊዜ የቀረ ደግሞ የሼድ ውሉ ሲታደስ መቅረቱ እንደሚታይበት ይገልጻል። በሼዱ የምንሠራ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ አንቀሳቃሾች በቃልም በጽሑፍም አቤት ብለን ምላሽ ስላጣን ጉዳዩን በግልጽ ደብዳቤ አቅርበነዋል።

ትስስር አይጠቅምም አላልንም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የዞረ ሰው ትስስር ምን እንደሆነ ያለ ስብሰባ ያየዋል። አንዱ በርሜሉን ይከፍታል፣ ቀጣዩ ቀጥቅጦ ያቃናል፣ ሌላው ይቆርጣል፣ ከጎኑ ያለው ይበይዳል። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። እዚያ ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኘው መሣሪያና የሥራ ክፍፍል ነው። በእኛ ሼድ ይህን ሲያደርግ የነበረው አሁን የተቆለፈው ክፍል ነበርና ቅሬታችንን ከእሱ እንጀምራለን።

1. የተቆለፈው ክፍል

ክፍሉ ውስጥ ባለ 2 ሜትር ላሜራ መቁረጫ፣ ላሜራ ማጠፊያና የቧንቧ ማጉበጫ አሉ። ከእኛ አንዳችንም ብንሆን እነዚህን ለብቻ መግዛት አያዋጣንም። በሊዝ ፋይናንስ (ማሽኑን እየተጠቀሙ ዋጋውን በየጊዜው በመክፈል) 20 በመቶውን እኛ ቆጥበን 80 በመቶውን አበዳሪው ቢሸፍን እንኳ፣ ክፍያው በየወሩ ይመጣል፤ ማጠፊያው ግን ለአንድ ቤት በሳምንት የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ሥራ ቢኖረው ነው። ለ14 ቤት ሲሆን ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። የተራ መዝገብ ነበረን፤ በግማሽ ሰዓት እየተከፋፈለ ይያዛል፣ ተራውን ያለፈው ለሚቀጥለው ይለቃል።

ማጠፊያ ሲጠፋ የሚሆነውን በአንድ የፋይል ካቢኔ በር እናሳይ። በሩ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይቆረጥና አራቱም ጠርዝ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ማሽኑ ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ እኩል ያወርደዋል። በእጅ ሲሆን ላሜራው በሁለት አንግል ብረት መሃል ተጠርንፎ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በመዶሻ ይመታል። መዶሻ የነካው ቦታ ይለጠጣል፣ ያልነካው ይቀራል፣ ጠርዙ ሞገድ ይሠራል። በሩ ሲሰቀል ላይኛው ጥግ ይገጥማል፣ ታችኛው አራትና አምስት ሚሊ ሜትር ክፍት ይሆናል፣ ቁልፉም አይይዝም። ሞገዱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም የሚደርብበት አለ፤ በሩ ደጋግሞ ሲጋጭ ስቱኮው ይረግፋል፣ ስማችንም አብሮ። ስለዚህ ካቢኔ የሚሠራ ሁሉ አሁን የተቆረጠ ላሜራ መኪና ላይ ጭኖ ሌላ ሰፈር ወረፋ ይጠብቃል። አንዷ እጥፋት በተቃራኒው ፊት ከታጠፈች ደግሞ እንደገና ቆርጦ፣ እንደገና ጭኖ መመለስ ነው።

ማስታወቂያው ክፍሉ የተዘጋው «ማሽኖቹ ለረጅም ጊዜ አገልግሎት ባለመስጠታቸው» ነው ይላል። ለምን እንዳልሰጡ አልተጻፈም፣ እኛ እንጻፈው። የመቁረጫው ሞተር ተቃጥሏል። ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። ከሦስቱ መስመር አንዱ ሲጎድል እየዞረ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለቱ መጎተቱን ይቀጥላል፣ የሚስበው ከረንት ወደ 1.7 እጥፍ ይወጣል፣ ያጓራል፣ ይግላል፣ ብዙም ሳይቆይ የመጠምጠሚያ ሽቦው ቫርኒሽ ይነዳል። መከላከያው የታወቀ ነው። አንድ ፌዝ ሲጎድል መስመሩን የሚቆርጥ ሪሌይ፣ እና በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ (ከረንት ሲበዛ የሚያቋርጥ መሣሪያ)። በክፍሉ ቦርድ ላይ ሪሌዩ ጭራሽ አልተገጠመም። ኦቨርሎዱ ደግሞ እያቋረጠ አስቸገረ ተብሎ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ተጠምዝዞ ተገኝቷል፤ ሲያቋርጥ የነበረው ግን ሥራውን ስለሚሠራ ነበር።

ሞተሩን እንደገና ለማስጠምጠም ከሦስት ቦታ ዋጋ ሰብስበን ለጽሕፈት ቤቱ አስገብተናል። ንብረቱ የመንግሥት ስለሆነ በራሳችን ገንዘብ ብናሠራው በኦዲት ያስጠይቃል ተባልን። ጽሕፈት ቤቱም አላሠራውም። ማጠፊያው እኮ በእጅ የሚሠራ ነው፣ መብራትም አይፈልግም፤ እሱም አብሮ ተቆለፈበት!

2. ፎቅ ላይ የወጣ ብረት

ሼዱ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ቦታው በዕጣ ሲደለደል የሥራው ዓይነት አልታየም፤ ልብስ ስፌት ምድር ቤት ሲደርሰው ብየዳ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቷል። ንዝረቱንና ጭሱን ሁሉም ያያል። በዓይን የማይታየው ኪሳራ ደረጃው ላይ ያለው ነው።

አርኤችኤስ ብረት (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት) በ6 ሜትር ቤርጋ፣ ማለትም በሙሉ ዘንግ፣ ይሸጣል። የ6 ሜትር ቤርጋ ግን በሕንፃው ደረጃ መታጠፊያ አያልፍም፤ አሳንሰር የለም። ስለዚህ ታች ለሁለት ተቆርጦ በ3 ሜትር ይወጣል። አሁን እንቁጠር። አንድ የመደርደሪያ ቋሚ 1.195 ሜትር ነው እንበል። (ድፍን 1.20 የማንለው መቁረጫ ዲስኩ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ ነው፤ ይህን የሚረሳ ሰው አምስተኛው ቋሚ ሁልጊዜ ያጥርበታል።) ከሙሉ ቤርጋ አምስት ቋሚ ይወጣል፣ የሚተርፈው የጣት ስፋት ያህል ነው። ከ3 ሜትር ቁራጭ ግን ሁለት ብቻ ይወጣል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል። ሁለቱ ቁራጭ ተደምሮ አራት ቋሚ። ከአምስቱ አንዱ ደረጃው ላይ ቀረ ማለት ነው። 100 ቤርጋ በሚፈጅ ሥራ 100 ቋሚ ጠፋ። ምድር ቤት ያለ ተወዳዳሪ በዚያው ዋጋ ቢጫረት ያተርፋል፣ እኛ እንከስራለን።

ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። ምድር ቤት ካሉት ውስጥ ወደ ላይ ለመውጣት ፈቃደኛ የሆኑ የስፌት ኢንተርፕራይዞች አሉ፤ ብርሃኑ ላይ ይሻላልና። ልውውጡን ተስማምተን በሁለታችንም ፊርማ ጠይቀናል። ማጽደቅ ብቻ ነበር የቀረው።

3. ልክ የሌለው የትስስር ደብዳቤ

ከጽሕፈት ቤቱ የሚመጡልን የገበያ ትስስር ደብዳቤዎች (የገዢ መሥሪያ ቤቶችን ትእዛዝ ወደ እኛ የሚመሩት) አብዛኞቹ አንድ መስመር ናቸው፤ «ጥራቱን የጠበቀ ኮምባይንድ ዴስክ፣ ብዛት 300»። (ኮምባይንድ ዴስክ መቀመጫውና ጠረጴዛው የተያያዘ የተማሪ ዴስክ ነው።) የብረቱ ውፍረት አልተጻፈም። የመቀመጫው ከፍታ ለስንተኛ ክፍል እንደሆነ አልተጻፈም። ገጹ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ይሁን ኮምፔርሳቶ (ከተደራረበ ስስ እንጨት የተሠራ) አይታወቅም። ዋጋ ስጡ ተብለን እንሰጣለን፤ ልኩን የምናውቀው ዕቃው አልቆ የርክክብ ኮሚቴው ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ ሲመጣ ነው።

ለብረቱ ውፍረት የተለየ ትኩረት የምንጠይቀው ገበያው ራሱ ስለሚያታልል ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ተብሎ የሚሸጥ ቤርጋ ጫፉ ላይ ሲለካ ቀጭን ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ጫፉ ተቀጥቅጦ ሊያሳስትም ይችላልና እኛ የምናምነው ሚዛንን ነው። 30 በ30 የሆነ፣ እውነተኛ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ 6 ሜትር ቤርጋ ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። 6 ኪሎ ተኩል ገደማ ከመዘነ 1.2 ነው፣ ሻጩ ምንም ቢል። አሥሩን አንድ ላይ አስሮ መመዘን ይበቃል። ይህ ለገዢውም ይሠራል፤ ውሉ ላይ «30 በ30 በ1.5፣ የአንድ ቤርጋ ክብደት ከ7.6 ኪሎ የማያንስ» ተብሎ ቢጻፍ ጭቅጭቁ ብረቱ ሳይቆረጥ ያልቃል። ቀጭኑን ብረት ሳያውቅ የገዛ ሰው ሌላም ነገር ይገጥመዋል። ለ1.5 በለመደው አምፔር ሲበይድ ብረቱ ይበሳበታል፤ ቀዳዳውን ለመድፈን ደግሞ ይደራርባል፣ መጋጠሚያው ያብጣል፣ ግራይንደር ሲገባበት ከጎኑ ያለው ግድግዳ ይበልጥ ይሳሳል። ተማሪ በተቀመጠበት ቀን የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

ሌላው የደብዳቤው ችግር ሥራው ሲከፋፈል የሚመጣው ነው። 300 ዴስክ ለአንድ ቤት ስለሚበዛ ለአራት ይከፈላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን አራቱ ቤቶች አንድ ናሙና ሳይሰጣቸው በየራሳቸው ሜትር ይጀምራሉ። ከአሁን በፊት በተከፋፈለ ሥራ የአንዱ ቤት ገጽ ከሌላው ቤት እግር ጋር ሲገጠም የብሎን ቀዳዳዎቹ በ4 ሚሊ ሜትር ተላልፈው፣ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን የተበሳው ሁሉ በፋይል ተሞርዶ ሰፋ፤ ብሎኑም ላላ። መድኃኒቱ አንድ ጂግ፣ ማለትም ሁሉንም ዴስክ በአንድ ልክ ለመሥራት የሚያገለግል የብረት መለኪያ ቅርጽ፣ ነው። ከወፍራም አንግል ተሠርቶ፣ ማዕዘኑ በሰያፍ ልኬት ተረጋግጦ (ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ማዕዘኑ ቀጥ አላለም)፣ ከዚያው ከአንዱ ሌሎቹ ሦስት ይቀዱና ለአራቱም ቤት ይሰጣል። የመጀመሪያው ዴስክ ተሠርቶ ገዢው ይፈርምበትና ናሙና ሆኖ ይቀመጣል። የአንድ ቀን ተኩል ሥራ ነው። ግን የሚያዘው ሰው ያስፈልጋል፣ ይህም ያደራጀን አካል ድርሻ ነው ብለን እናምናለን።

4. ሰኔና ሞዴል 19

ትእዛዙ የሚመጣው መቼ እንደሆነ ያውቁታል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግንቦት አጋማሽ ላይ ሁሉም መሥሪያ ቤት ገዢ ይሆናል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲገዛ ብረት ይወደዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብረት ሻጭ ጠዋት የነገረንን ዋጋ ከሰዓት አይደግመውም፤ ሚያዝያ ላይ የሰጠነው ዋጋ ግን ውሉ ላይ እንደታሰረ ነው።

በዚያ ላይ ክረምት ነው። አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቅብ) እና ቀለም በእርጥብና ቀዝቃዛ አየር ቶሎ አይደርቅም። የመጀመሪያው ድርብ ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተቀባበት ላዩ ቆዳ ይሠራል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፣ ኮሚቴው በጥፍሩ ሲጭረው ይላጣል። ስንቸኩል የሚሆነው ይህ ነው፤ ካልቸኮልን ደግሞ ቀኑ ያልፋል። ቀኑ ካለፈ ቅጣቱ በየቀኑ ካላስረከብነው ዕቃ ዋጋ 0.1 በመቶ ነው። የ1 ሚሊዮን ብር ውል ላይ ምንም ካላስረከብን በቀን 1,000 ብር። ከዚያው ውል 10 በመቶ፣ ማለትም 100,000 ብር፣ ለውል ማስከበሪያ ታስሯል። የዋስትና ደብዳቤ ካደራጀን አካል ማቅረብ እንችላለን፤ ደብዳቤው ግን ሦስት ፊርማ ይዞራል፣ እስኪመጣ የውል መፈረሚያው ቀን ያልፋል።

ገዢው ሲዘገይስ? ዕቃውን እናስረክባለን፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) አይቆረጥም፣ ሞዴል 19 ካልተቆረጠ ፋይናንስ ወረቀቱን አይቀበልም። የኮሚቴው አንድ አባል ፈቃድ ላይ ስለሆነ ብቻ ሦስት ሳምንት ግቢ ውስጥ ዝናብ የበላው ዴስክ አለ። የኤምዲኤፉ ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ አበጠ፤ ሲረከቡ «ጥራቱ የጎደለ» ተብሎ ተመለሰብን። ሰኔ 30 ካለፈ ክፍያው ወደ አዲሱ በጀት ይንከባለላል። ለብረት የከፈልነው ገንዘብ፣ ከነ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ከእቁብ የወጣ ነው፤ እቁብ ደግሞ ሞዴል 19 አይጠብቅም።

5. ስለ ትስስር ቀኑ

አጭር ነው። እስካሁን በተካሄዱት መድረኮች የተገኙት ሻጮች ብቻ ናቸው። ዴስክ ሠሪ ከዴስክ ሠሪ ጋር ተዋውቋል፤ ድሮም ጎረቤታሞች ነን። የትምህርት ቤት ግዢ ሠራተኛ፣ የጤና ጣቢያ ፋይናንስ፣ የኮንትራክተር ዕቃ አቅራቢ አልተጋበዘም። የባዛር ድንኳንም ቢሆን ለጫማና ለቅመም ይሆናል፤ የተማሪ ዴስክ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ የሚገዛ ሰው የለም። የቴሌግራም ግሩፑ መጻፍ የሚችለው ለአስተዳዳሪው ብቻ ሆኖ የተዘጋ ነው፤ ውስጡ ያለው የመድረክ ፎቶ ነው። የካይዘን (አሠራርን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል) ሥልጠናውን ሦስት ጊዜ ወስደናል፣ 5ቱን «ማ»፣ ማለትም የሥራ ቦታን የማደራጃ አምስቱን ደረጃዎች፣ በቃላችን እናውቃለን። ከኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽኑ (መንግሥት ለኢንተርፕራይዞች ከሚሰጠው ድጋፍ) አራት ዘርፎች የጎደለብን ቴክኖሎጂው ነው፤ እሱም የተቆለፈው ክፍል ውስጥ አለ።

የምንጠይቀው

ሀ. የጋራ መገልገያ ክፍሉ ይከፈት። ማጠፊያው ነገ ሥራ ሊጀምር ይችላል። የመቁረጫው ሞተር እንዲጠመጠም ይፈቀድልን፤ ወጪውን በ14 ቤት ተካፍለን እንሸፍናለን፣ በርክክብ ሰነድ ንብረትነቱ የመንግሥት ሆኖ ይመዝገብ። ሞተሩ ከመመለሱ በፊት የፌዝ መከላከያ ሪሌይ ይገጠም፣ ኦቨርሎዱ በልኩ ይስተካከል፣ የቦርዱ ቁልፍ በአንድ ተጠያቂ ሰው እጅ ይሁን።

ለ. በፈቃደኝነት የተፈረመው የቦታ ልውውጥ ይጽደቅ። እስኪጸድቅ ድረስ ምድር ቤት ኮሪደሩ ዳር ለብረት መቁረጫ የሚሆን 7 ሜትር በ2 ሜትር ቦታ ይሰጠን፤ ቤርጋው እዚያው በልኩ ተቆርጦ ቁራጩ ብቻ ፎቅ ይውጣ።

ሐ. ማንኛውም የትስስር ደብዳቤ ሥዕል፣ የብረት ውፍረትና ክብደት፣ የገጽ ዓይነት፣ የቀለም ድርብ ብዛትና የማስረከቢያ ቦታ ሳይኖረው አይውጣ። ሥራው ከአንድ ቤት በላይ የሚከፋፈል ከሆነ ጂጉና የተፈረመበት ናሙና ከመጀመሩ በፊት ይዘጋጅ። የትኛው ትስስር ለማን እንደተሰጠ በዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ።

መ. ጽሕፈት ቤቱ ከገዢ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሲዋዋል ርክክብ ዕቃው በደረሰ በ5 የሥራ ቀን፣ ሞዴል 19 በዚያው ዕለት፣ ክፍያ ከዚያ በኋላ በ15 የሥራ ቀን እንዲሆን በጽሑፍ ያስገባልን። የተማሪ ዴስክ ትእዛዝ ከየካቲት ባይዘገይ ቀለሙም በበጋ ይደርቃል።

ሠ. የጋራ ግዢ ይመቻችልን። በየወሩ መጀመሪያ እያንዳንዱ ቤት የሚፈልገውን መጠን፣ ውፍረትና ብዛት በአንድ ቅጽ ይሞላል። 40 ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ ከላይ ከጠቀስነው ብረት 500 ቤርጋ ይይዛል፤ አሥር ቤት ሃምሳ ሃምሳ ቢወስድ መኪናው ሞላ። ከጽሕፈት ቤቱ የምንፈልገው ከአስመጪ ወይም ከፋብሪካ በቀጥታ በደረሰኝ እንድንገዛ የሚያስችል ደብዳቤና ሲራገፍ የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ገንዘቡ የእኛ ነው።

ረ. የትስስር ቀኑ በሥራ ቦታችን፣ ያለ መዋጮ፣ በወር ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይሁን። በእያንዳንዱ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ገዢዎች የግዢ ዕቅዳቸውን ይዘው ይምጡ፤ እኛ ማን ምን ማሽን እንዳለውና በሳምንቱ ስንት ቀን ነፃ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ገጽ እናቀርባለን። ገጹ ተዘጋጅቷል፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘነዋል። የቴሌግራም ግሩፑም ለሁሉም ይከፈት። የቀረ ሰው በሼድ ውሉ እንዳይጠየቅ የሚል ማሻሻያ በጽሑፍ ይውጣ።

ምላሽዎን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። የክፍሉን ቁልፍ ግን ከዚያም በፊት ቢልኩልን፣ ሥራ ላይ ያሉ ስድስት የካቢኔ በሮች ይጠብቁታል።

ከሰላምታ ጋር፣

የሼዱ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ኢንተርፕራይዞች አንቀሳቃሾች ኮሚቴ
(ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥና የማሽን ክፍል ተጠሪ)

ግልባጭ
ለከተማው የሥራና ክህሎት ቢሮ
ለወረዳችን ምክር ቤት
ለሼዱ አንቀሳቃሾች በሙሉ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ